የዓይንን ወሰን በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ስፈልግ

የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፈርገስ ካምቤልና ጆን ሮብሰን፣ ብርሃናቸው እንደ ሞገድ ከፍ ዝቅ የሚል መስመሮችን ዓይን እንዴት እንደሚለይ የመረመሩበትን ጥናት ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። በስማቸው የሚጠራውን ሥዕል በራሴ ኮምፒውተር ልሥራው ብዬ ተነሣሁ። በሥዕሉ ላይ መስመሮቹ ከግራ ወደ ቀኝ እየቀጠኑ፣ ንፅፅራቸውም (በደማቁና በጨለማው መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት) ከታች ወደ ላይ እየደከመ ይሄዳል። በአንድ አግድም ረድፍ ላይ ያለው ንፅፅር ከዳር እስከ ዳር እኩል ቢሆንም የመካከለኞቹ መስመሮች ከዳርና ዳሮቹ ይልቅ ወደ ላይ ዘልቀው ስለሚታዩ ጉብታ ይፈጠራል፤ ይህን ጉብታ የሚሥለው ፕሮግራሙ ሳይሆን የተመልካቹ ዓይን ነው።

ፕሮግራሙን በፓይተን መጻፉ ቀላል ሲሆን ያስቸገረኝ ስክሪኑ ነው። የስክሪን ብርሃን ከሚታዘዘው ቁጥር (ከ0 እስከ 255) ጋር በእኩል መጠን አያድግም፤ የዚህን እድገት አካሄድ የሚወስነው ቁጥር ጋማ ይባላል፤ በተለመደው የ2.2 ጋማ ከ255 ውስጥ 128 ሲታዘዝ የሚወጣው ብርሃን የሙሉው 22 በመቶ ያህል ብቻ ነው፣ ለግማሹ ደግሞ 186 ገደማ ያስፈልጋል። የብርሃን መለኪያ ስላልነበረኝ ዓይኔኑ መለኪያ አደረግሁት፦ የአንድ ፒክስል ውፍረት ያላቸውን ጥቁርና ነጭ መስመሮች ከወጥ ግራጫ ጎን አስቀምጬ፣ መስመሮቹ እስኪዋሐዱ ድረስ ወደ ኋላ ከራቅሁ በኋላ ሁለቱ እኩል እስኪመስሉ ግራጫውን አስተካከልሁ። በ186 አካባቢ የአንድ ቁጥር ለውጥ ብርሃኑን 1.2 በመቶ ያህል ስለሚቀይር፣ ዓይን ግን ከ1 በመቶ ያነሰ ንፅፅርንም ስለሚያይ፣ ቁጥሮቹ ወደ ሙሉ ቁጥር ከመጠጋጋታቸው በፊት በሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ብርሃን በአማካይ እንዲገኝ በየፒክስሉ ላይ ጥቂት የዘፈቀደ መጠን ጨመርሁ።

ከሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ ግን ርቀት ነው። በ57 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ 1 ሴንቲሜትር በእይታ ማዕዘን የ1 ዲግሪ ያህል ስፋት ይይዛል፤ ዓይን ደካማ ንፅፅርን አጥርቶ የሚያየው በአንድ ዲግሪ ውስጥ ከ3 እስከ 5 ጥንድ መስመሮች ሲኖሩ ነው። ርቀቱን በእጥፍ ሳሳድገው ጉብታው ወደ ሰፋፊዎቹ መስመሮች ዞረ፣ ከቅርብ ያላየኋቸው ድብዝዝ መስመሮችም ብቅ አሉ። አልታይ ያለውን ነገር ቀርቦ ማየት የለመደ ሰው ይህን ሳይሞክር የሚያምን አይመስለኝም። ምክንያቱ ተመራማሪው ስቴፈን ኩፍለር እ.ኤ.አ. በ1953 በድመት ሬቲና (ብርሃን በሚቀበለው የዓይን የውስጠኛ ሽፋን) ላይ ያሳየው ነው፤ የሬቲና ሴሎች የመሐሉን ብርሃን ከዙሪያው ጋር ስለሚያነጻጽሩ ቀስ ብሎ የሚለወጥ ብርሃን ብዙም አያነቃቸውም። ስለዚህ ርቀቱ ያልተጻፈበትን እንዲህ ያለ ሥዕል እንደ መለኪያ አልቀበለውም።

የቤት ሥራዬ የሐኪም ምርመራን አይተካም። ለዚያ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው የፔሊና ሮብሰን ሰሌዳ አለ፤ የፊደሎቹ መጠን ሳይለወጥ በየሦስት በየሦስቱ እየደበዘዙ ይሄዳሉ።