በክቡ ጠረጴዛ ላይ የተጻፈው የአጫዋቹ ስም

በደቡብ እንግሊዝ የምትገኘው የዊንቸስተር ከተማ ከለንደኑ የዋተርሉ ጣቢያ በባቡር የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ናት። ወደዚያ የሄድኩት ለንደን ካደገችው የአክስቴ ልጅ ጋር ሲሆን፣ ልናየው የፈለግነውም በታላቁ አዳራሽ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን፣ በእንግሊዞች ተረት ፈረሰኞቹን እኩል ያስቀምጥበት ነበር የሚባለውን የንጉሥ አርተርን ክብ ጠረጴዛ ነበር። አዳራሹን ንጉሥ ሄንሪ 3ኛ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1222 እስከ 1235 አሠራው፤ አዳራሹ የነበረበት ቤተ መንግሥት አብዛኛው ክፍል በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሲፈርስ አዳራሹ ተርፎ እስከ ዛሬ ቆሟል።

ጠረጴዛው ከጠንካራ የኦክ እንጨት የተሠራ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር 5.5 ሜትር ያህል ይሰፋል፣ 1,200 ኪሎ ግራም ያህልም ይመዝናል። በ1976 ከግድግዳው ወርዶ ሲመረመር በ13ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ አካባቢ የተሠራ መሆኑ ታወቀ፤ አርተር ኖሮ ከሆነ ኖረ ከሚባልበት ዘመን ከ700 ዓመት ገደማ በኋላ መሆኑ ነው። የታሪክ ሰዎች ከኤድዋርድ 1ኛ ጋር ያያይዙታል፤ ይህ ንጉሥ በ1290 በዚያው በዊንቸስተር የፈረሰኞች የጦር ጨዋታ አድርጎ ነበርና። ዛሬ የምናየውን ቀለም ያስቀባው ደግሞ ሄንሪ 8ኛ ነው። በሥዕሉ ላይ ዙፋኑ ላይ የተቀመጠው አርተር ወጣቱን ሄንሪን ራሱን ይመስላል፤ በ1522 ለጉብኝት የመጣው ንጉሠ ነገሥት ቻርልስ 5ኛም ይህን ጠረጴዛ እንዲያይ ተደርጓል።

እኔን ያቆየኝ ግን ከንጉሡ ሥዕል ይልቅ በዙሪያው የተጻፉት የ24 ፈረሰኞች ስሞች ናቸው። ላንስሎት፣ ጋላሃድ፣ ጋዌይንና ፐርሲቫል እንደሚጠበቀው አሉ። የአክስቴ ልጅ አንገቷን አቅንታ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየለየች ስታነብ፣ «ዳጎኔት» የሚል ስም ላይ ስትደርስ፣ «ጋሼ፣ ይሄኛውስ ማን ነው?» አለችኝ። የንጉሡ አጫዋች እንደነበር ስነግራት፣ «አጫዋችም ከጀግኖቹ እኩል ይቀመጣል እንዴ?» ብላ ተገረመች። መገረሟ ተገቢ ነበር፤ እኔም ለዚህች ጥያቄ መልስ ለማግኘት ስል ነው ይህን ማስታወሻ የምጽፈው።

ቶማስ ማሎሪ ጽፎት በ1485 በታተመው ትልቅ የአርተር ታሪክ ውስጥ ዳጎኔትን ፈረሰኛ አድርጎ የሾመው አርተር በገዛ እጁ እንደሆነ፣ በየጦር ጨዋታውም ንጉሡን ያስቀው እንደነበር ይነገራል። ከታሪኮቹ ሁሉ የምወደው ከኮርንዋሉ ንጉሥ ከማርክ ጋር የገጠመውን ነው። ማርክ ፈሪና ተንኮለኛ ንጉሥ ነው። ዲናዳን የተባለው ተጫዋች ፈረሰኛ አንድ ቀን ከአርተር ሰዎች ጋር ተማክሮ የሌላውን ፈረሰኛ የሞርድሬድን የጦር ልብስና ጋሻ ለዳጎኔት እንዲያለብሱት ያደርግና፣ ወደ ማርክ ተመልሶ «ያንን ጋሻ የያዘው ላንስሎት ነው» ይለዋል፤ ላንስሎት ከፈረሰኞቹ ሁሉ የበረታው ነው። ዳጎኔት ፈረሱን ኮርኩሮ ሲመጣበት ንጉሥ ማርክ ፊቱን አዙሮ እግሬ አውጪኝ ይላል፤ አጫዋቹም እየጮኸና እየተሳደበ በጫካ ውስጥ ያሳድደዋል። ጓደኞቹ ከኋላ እየሳቁ ይከተላሉ፤ የሚከተሉትም ለሳቁ ብቻ ሳይሆን ንጉሣቸው የሚወደው ዳጎኔት ክፉ እንዳያገኘው ሰግተው ነው። ታሪኩን ከተራ ቀልድ ከፍ ያደረገው በእኔ ዓይን ይህ ስጋት ነው፤ ሰዎቹ የሚስቁበት ዘውድ የደፋውን ፈሪ እንጂ ጋሻ የተዋሰውን ደካማ ሰው አይደለም።

በዚያው ጠረጴዛ ላይ «ላ ኮት ማል ታይል» የሚል ረጅም ቅጽል ስም አለ፤ አለካኩ የተበላሸ ካባ የለበሰ ማለት ነው። ይህ ወጣት ወደ አርተር ግቢ ሲመጣ የለበሰው ካባ ውድ ቢሆንም በሰይፍ የተተለተለና ገላው ላይ ያልተቀመጠ ነበር። የግቢው አሽሟጣጭ ኬይ አይቶ ሳቀበትና ይህን ስም አወጣለት። ካባው ግን በተኛበት የተገደለው የአባቱ ነበር፤ ልጁም የአባቱን ደም ሳይመልስ ላያወልቀው ምሏል። ከዚያ በኋላ አብራው የምትጓዝ አንዲት ምላሰኛ ልጃገረድ በየመንገዱ ስታንጓጥጠው እሱ እየታገሠ ይዋጋል፤ መጨረሻ ላይ ያገባት እሷኑ ነው። የኬይም ስም ከዳጎኔትና ከባለ ካባው ስም ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተጽፏል። አሽሟጣጩ፣ የተሽሟጠጠበትና አጫዋቹ እኩል መቀመጫ ማግኘታቸው የእነዚህን ተረቶች መንፈስ ከየትኛውም የጀግንነት ንግግር በተሻለ ያሳየኛል።

ከዊንቸስተር በኋላ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ወደ ቼስተር ካቴድራል ያደረግነው ጉዞም ለዚሁ ጉዳይ ነበር። ካቴድራሉ እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ የቤኔዲክታውያን መነኮሳት ገዳም ነበር፤ በቅኔ ማሕሌቱ ግራና ቀኝ ያሉት የእንጨት መቀመጫዎች በ1380 አካባቢ ተቀርጸዋል። መነኮሳቱ ረጅሙን ጸሎት ቆመው ስለሚያደርሱ፣ መቀመጫው ወደ ላይ ሲታጠፍ ከሥሩ ትንሽ መደገፊያ ይወጣል፤ ለእኛ ካህናት መቋሚያ የሚሰጠውን እረፍት ለእነሱ ይህ መደገፊያ ይሰጣቸው ነበር። ጠራቢዎቹ ከመደገፊያው ሥር የፈለጉትን ሁሉ ቀርጸዋል፤ ከቅርጾቹም አንዱ ከአርተር ፈረሰኞች አንዱ የሆነው የኢቬይን ፈረስ ነው።

ታሪኩን በ12ኛው ክፍለ ዘመን በፈረንሳይኛ የገጠመው ክሬቲየን ደ ትሯ ነው። ኢቬይን ያቆሰለውን ባላጋራ እያሳደደ ወደ ቤተ መንግሥት በር ሲገባ ከላይ የተንጠለጠለው የብረት መዝጊያ ይወርድና ፈረሱን ከኮርቻው ኋላ ለሁለት ይቆርጠዋል፤ የጀግናውንም የተረከዝ ብረቶች ሳይቀር ከእግሩ ላይ ቆርጦ ይጥላል። ኢቬይን በሁለት በሮች መካከል ተዘግቶበት ይቀራል፤ ቁስለኛው ባላጋራም ይሞታል። አንዲት ደንገጡር ከዓይን የሚሰውር ቀለበት ስትሰጠው የግቢው ሰዎች ገዳዩን ፍለጋ ግድግዳውንና አግዳሚውን በዱላ ይደበድባሉ፤ እሱ ደግሞ እዚያው ተቀምጦ የገደለውን ሰው ሚስት በመስኮት እያየ በፍቅሯ ይነደፋል። ብዙ ቀን ሳይቆይም ያገባታል።

የቼስተሩ ጠራቢ ከዚህ ሁሉ የመረጠው መዝጊያው የወደቀበትን ቅጽበት ነው፤ የቀረጸውም የፈረሱን የኋላ አካል እንጂ የጀግናውን ፊት አይደለም። የሊንከን ካቴድራል መቀመጫዎችም ይህንኑ ትዕይንት ይዘዋል። ቼስተር የሚሄድ አንባቢ ካቴድራሉን ከሚያስጎበኙት ሰዎች አንዱን ይጠይቅ፤ መቀመጫዎቹ ብዙ ስለሆኑ ብቻውን ቢፈልግ ፈረሱን ሳያይ ሊወጣ ይችላል።