ጭድ በዩሪያ

ዛሬ እዚህ አዳማ ሰንጋ የሚያደልቡ አንድ ጎረቤታችን ጋ ጎራ ብዬ ነበር። ለመኖ በዩሪያ የታፈነውን የስንዴ ጭድ ሊከፍቱ ሲሉ "ራቅ በል!" አሉኝ። ላስቲኩን ገለጥ ሲያደርጉት ከዩሪያው የወጣው አሞኒያ የሚባል ጋዝ ዓይኔን አቃጠለው፤ ሽንኩርት ምን አላት! ያ ደረቅ ጭድ ቡናማ ሆኖ ለስልሷል።

ጋሼ 5 ኪሎ ዩሪያ (ማዳበሪያው ራሱ) በ100 ሊትር ውሃ ይበጠብጡና 100 ኪሎ ጭድ ላይ እያርከፈከፉ፣ እየጠቀጠቁ፣ አየር እንዳይገባው አድርገው 3 ሳምንት ያህል ያፍኑታል። ሽታው ሳይናፈስ ለከብት አይሰጥም። ዩሪያውን በደረቁ ከላሰውማ ሊሞት ይችላል።

ፉርሽካና ትንሽ ሞላሰስ (የስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት) ጣል ሲያደርጉበት ሰንጋው ቀና ሳይል ገንዳውን ባዶ አደረገው። ከከተማው ወጣ ሲባል ግን እንዲህ መኖ ሊሆን የሚችል የበቆሎ አገዳ ማሳ ላይ ሲነድ ይታያል፤ እኛ ደግሞ ሥጋ ቤት በር ላይ ቆመን ዋጋውን እናማርራለን።