ኪዮቶ ላይ ጎራዴ መምዘዝ ስማር

ጃፓን፣ ኪዮቶ ከተማ ለመንገደኛም ክፍት የሆነ የጎራዴ ትምህርት አለ። እኔ የሞከርኩት ኢያይዶ የሚባለውን ነው። ሁለት ሰው ገጥሞ የሚፋለምበት አይደለም። ካታናውን፣ ማለትም የጃፓኑን ጎራዴ፣ ከአፎቱ መምዘዝ፣ መቁረጥ፣ መልሶ መክተት፤ በቃ። ደብረ ብርሃን ላሉ ጓደኞቼ ስነግራቸው "ይሄ ምኑ ይማሩታል?" አሉኝ። ኧረ ብዙ ነው!

መጀመሪያ ተንበርክከን ለጎራዴው እጅ ነሳን። የሚሰጠው ለልምምድ የተሠራ፣ ስለት የሌለው ነው። ግራ ጎን መቀነት ውስጥ ይሻጣል፣ የስለቱ በኩል ወደ ላይ ሆኖ። ሥራው የቀኝ እጅ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ቀኙ ሲመዝ ግራው አፎቱን ወደ ኋላ ይስባል፣ ሁለቱ ካልተናበቡ ጫፉ አፎቱ ውስጥ ይቀራል። መልሶ መክተቱ ደግሞ ይብሳል። አስተማሪዋ የአፎቱን አፍ በግራ አውራ ጣትና በሌባ ጣቷ ከበብ አድርጋ ይዛ፣ የጎራዴውን ጀርባ እዚያው ጣቶቿ መሃል እስከ ጫፉ ድረስ ስታንሸራትተው ጫፉ አፎቱን ያገኝና ቀስ ብሎ ይገባል። ዓይኗ ግን አንዴም ዝቅ አላለም። ፊት ለፊት ነው። የወደቀው ጠላት ሊነሳ ይችላላ!

ጃፓን ከወታደርና ከፖሊስ በቀር ጎራዴ ታጥቆ መሄድን የከለከለችው በአውሮፓውያኑ 1876 ነው። ያኔ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ነበሩ። ጎራዴው ከወገብ ቢወርድም ትምህርቱ አልቆመም፤ ከአስተማሪ ወደ ተማሪ ሲወርድ ሲዋረድ መጥቶ ለእኔም፣ ለሰሜን ሸዋው ልጅ ደረሰኝ። በጣም ነው የቀናሁት።

ስመለስ አንኮበር አጎቴ ጋ ሄጄ አሳየኋቸው።

"በግራ?" አሉኝ።

"አዎ ጋሼ፣ በግራ ነው የሚታጠቁት።"

ብድግ ብለው ዱላቸውን ቀኝ ጎናቸው ላይ ያዙ። "የእኛ በቀኝ ነው ልጄ። ግራህንማ ጋሻ ይዞታል።" ከዚያ አባታቸው እንዴት ይመዙ እንደነበር አሳዩኝ። ክንዳቸው ሳይርቅ፣ ክርናቸው ወደ ኋላ ሄዶ፣ ዱላው ሽቅብ ወጣ። ይሄን ሁሉ ዘመን አብሬያቸው ስኖር ጠይቄያቸው አላውቅም።

ደብረ ብርሃን ቴኳንዶ መማር ለፈለገ ቦታ አያጣም። የጎራዴ አያያዛችንን የሚያስተምር ግን አላየሁም። ፉከራውማ በየሠርጉ አለ። አሁን አጎቴን በስልኬ መቅረጽ ጀምሬያለሁ። መንዝም ሆነ ይፋት እንዲህ የሚያውቁ አባት ያላችሁ፣ እባካችሁ እናንተም ቅረጹ። ከጎንም ከፊትም ይሁን፤ ግራ እጃቸው ምን እንደሚሠራም ጠይቋቸው።