ስለ 511

ማክሰኞ ማታ

ዛሬ ራስት የተባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ለአንጋፋው መሐንዲሳችን አሳየኋቸው። ስለዚህ ቋንቋ ስወተውታቸው ወራት አልፈዋል። እርሳቸውም በትዕግሥት ያዳምጡኝና በለመዱት የሲ ቋንቋ ወደሚጽፉት ኮዳቸው ይመለሳሉ። ጥፋቱ የእኔ እንደነበር አሁን ይገባኛል፤ የማወራው ሁሉ ውዳሴ ነበርና። ፈጣን ነው፣ ዘመናዊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የሊኑክስ ስርዓተ ክወና እምብርት (ከርነል) ውስጥ ገብቷል እላለሁ። ዕድሜውን ሙሉ በ2 ኪሎባይት ማህደረ ትውስታ ተጣብቦ ለሠራ ሰው ይህ ምኑ ነው?

ስለዚህ ዛሬ ውዳሴውን ትቼ የራሴን የድሮ ስህተት ይዤ ሄድኩ።

ከዓመታት በፊት ውሃ እየቆጠረ ማጠራቀሚያ የሚሞላ መሣሪያ ሠርቼ ነበር። ውሃው ሲፈስ ዳሳሹ ምት ይልካል። ምቱ ዋናውን ፕሮግራም አቋርጦ ይገባና ቆጣሪው ላይ አንድ ይጨምራል፤ ኢንተራፕት የምንለው ይህንን ነው። 500 ምት ሲሞላ ፓምፑ ይቆማል። አልፎ አልፎ ግን ማጠራቀሚያው ገና ግማሽ ላይ ሳለ ፓምፑ ቀጥ ይል ነበር። ዳሳሹን ቀየርኩ፣ ሽቦውን ቀየርኩ፣ የኃይል ምንጩን ቀየርኩ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። በመጨረሻ የኤሌክትሪክ ምልክትን በስክሪን ከሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ አጠገብ አብረውኝ ያመሹት እኒሁ ሰው ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቆጣሪው ሁለት ባይት ነው፤ የታችኛው ባይት ከ0 እስከ 255 ይይዛል፣ የላይኛው ስንት 256 እንዳለ ይቆጥራል። ያ ቺፕ ግን በአንድ ጊዜ የሚያነበው አንድ ባይት ብቻ ነው። ቆጣሪው 255 ላይ ሳለ ፕሮግራሙ የታችኛውን ባይት አነበበ፤ 255 አገኘ። ወደ ላይኛው ከመድረሱ በፊት ምት መጣና ቆጣሪው 256 ሆነ። ፕሮግራሙ ተመልሶ የላይኛውን ባይት ሲያነብ 1 አገኘ። አሮጌውን ግማሽ (255) ከአዲሱ ግማሽ (256) ሲገጥም 511 ወጣ። ከ500 በላይ ስለሆነ ፓምፑ ቆመ። መፍትሔው በሲ ሁለት መስመር ነው፤ ከማንበብ በፊት ኢንተራፕትን መዝጋት፣ ካነበቡ በኋላ መክፈት። እነዚያ ሁለት መስመሮች መጉደላቸውን የነገረኝ ግን አልነበረም። ኮዱን ወደ ቺፑ ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም፣ ኮምፓይለሩ፣ ምንም ሳይል አሳልፎታል።

ዛሬ ያንኑ ቆጣሪ በራስት ጽፌ፣ 20 ኪሎባይት ማህደረ ትውስታ ባላት ኤስቲኤም32 የተባለ ቺፕ በተገጠመባት ትንሽ ሰማያዊ ሰሌዳ ላይ ልጭነው ፊታቸው ሞከርኩ። ኮምፓይለሩ እምቢ አለ። ኢንተራፕቱና ዋናው ፕሮግራም የሚጋሩትን ነገር ያለ ጥበቃ መንካት አይቻልም ብሎ መስመሩን ጠቆመ።

መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ጥቂት ዝም አሉ።

«ይህ ቺፕ እኮ 32 ቢት ነው» አሉ። «ሁለቱን ባይት አንዴ ያነባቸዋል። 511 እዚህ ከየት ይመጣል?»

«አይመጣም ጋሼ። ኮምፓይለሩ ግን ስለ ቺፑ አይደለም የሚጠይቀው፤ ስለ ሕጉ ነው። ኮዱ ነገ ወደ ሌላ ቺፕ ቢሄድም ሕጉ አብሮት ይሄዳል።»

«እሺ። ቆጣሪውን አንብቤ፣ ልኬ፣ ከዚያ ዜሮ ባደርገውስ? በመካከል የመጣው ምት ይጠፋል። ይህንንም ይይዝልሃል?»

እዚህ ላይ ልቤ ዘለለ። የድሮው እኔ ቢሆን ሌላ ውዳሴ ይፈልግ ነበር።

«አይይዝም» አልኳቸው። «ማንበብንና ዜሮ ማድረግን በአንድ እርምጃ የሚፈጽም ትእዛዝ አለው። እሱን መምረጥ ግን የእኛ ፈንታ ነው።»

ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ሳቡ። በወራት ውስጥ ያልሰጡኝን ትኩረት ያገኘሁት በዚያ «አይይዝም» ነው ብል አልዋሸሁም።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ጎረፈ። የቺፕ አምራቾቹ የሚሰጡት ዝግጁ ኮድ በአብዛኛው በሲ ነው፤ ምን ልናደርግ ነው? ራስት የሲን ኮድ መጥራት ይችላል፤ የሚሠራውን ኮድ ማፍረስ አያስፈልግም፣ አዲሱን ክፍል ብቻ በራስት መጀመር ይበቃል። አንተ ብትታመምስ ማን ይጠግነዋል? ለዚህኛው በቂ መልስ አልነበረኝም። በእኛ መሥሪያ ቤት ራስት የሚያውቀው ገና አንድ ሰው ነው፤ ይህ ደግሞ ለሥራ አደጋ ነው። አልደበቅኳቸውም።

የቋንቋውን አጀማመር ያጫወትኳቸው ቡና ስንጠጣ ነው። ግሬይደን ሆር የተባለው ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ2006 ቫንኩቨር በሚኖርበት ሕንፃ የአሳንሰሩ ሶፍትዌር ተበላሽቶ 21ኛ ፎቅ ድረስ በእግሩ ወጣ፤ ቋንቋውን መንደፍ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ሙሉ እትም የወጣው በግንቦት 2015 እ.ኤ.አ. ነው። የአሳንሰሩን ነገር ሲሰሙ ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«አሳንሰር ማለት የእኛ ሥራ አይደል?» አሉ።

አዎ፣ የእኛ ሥራ ነው። ሰው የሚሳፈርበት፣ ፓምፕ የሚያቆም፣ ሕመምተኛ የሚያስተነፍስ ኮድ የምንጽፈው እኛ ነን። የምወተውተውም ለዚህ ነበር፤ ከመጀመሪያው እንዲህ ብዬ አለማስረዳቴ ግን ቆጭቶኛል።

ወደ ቤት ልሄድ ቦርሳዬን ሳነሳ ጠሩኝ።

«ሰሌዳዋን እዚሁ ተዋት። ገመዷንም።»

ሁለቱንም ጠረጴዛቸው ላይ ትቼላቸው ወጣሁ።