የገለበጥኳቸው ትሪዎች

ዝዋይ አበባ እርሻ ላይ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። እንግሊዝ አገር አንዲት ትንሽ ችግኝ ማፍያ ስቀጠርም አበባማ አውቃለሁ ብዬ ኮራ ብዬ ነው የገባሁት። ዝዋይ ጽጌረዳውን ግን ከዘር አልነበረም የምናፈላው። ስለ ዘር የማውቀው እናቴ ጓሮ ያየሁትን ጎመን ነው፤ በሳምንቱ ብቅ ይላል፣ አለቀ።

አሠሪዬ ሰባ ያለፋቸው ሴትዮ ናቸው። (በስማቸው ነው የምጠራቸው፣ አንቱታ የሚባል ነገር እዚያ የለም፤ በልቤ ግን አንቱ እላቸዋለሁ።) ኦገስት ላይ የጫካ ሳይክላመን የሚባል አበባ ዘር ሰጡኝ፤ ዛፍ ሥር የሚያድገውን፣ ቅጠሉ ሳይወጣ አበባው የሚቀድመውን። ዘሩ ሲበስል የሚያጣብቅ ጣፋጭ ነገር አለው፤ ዱር ውስጥ ጉንዳን ለእሱ ብሎ ተሸክሞት ይሄዳል። እኛ አንድ ሌሊት ዘፈዘፍነው፣ አጠብነው፣ ትሪዎች ላይ ዘራነው፣ ከላይ ደቃቅ ጠጠር አለበስነውና ጠረጴዛ ሥር በጥቁር ላስቲክ ሸፈንነው። ጨለማ ይወዳል፣ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ይለግማል አሉኝ። እኔም እሺ አልኩ፤ ለምን ብዬ አልጠየቅኩም።

ሁለት ሳምንት ሞላው፣ ምንም። አራት፣ ምንም። በስድስተኛው ሴትዮዋ ልጃቸው ጋ እንደሄዱ ፓንዚ የሚባለውን አበባ ችግኝ የምናዛውርበት ትሪ አጠረን። ላስቲኩን ገለጥኩ፤ ጠጠሩ እንደነበረ ነው። ሞቷል ብዬ 12ቱንም ትሪ ኮምፖስት ክምር ላይ ገለበጥኩ፣ አጥቤም ደረደርኳቸው። ጭራሽ ምስጋና ጠብቄ ነበር።

ሲመለሱ ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ ሳይክላመኑን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። አልጮኹም። ክምሩ ጋ ሄደው ተንበረከኩ፣ አፈሩን በጣታቸው ፈተግ ፈተግ አደረጉና አንድ ነገር መዳፌ ላይ አኖሩ። ከምስር የምታንስ ክብ ነገር፣ ከሥሯ ነጭ ክር የመሰለ ሥር የወረደባት። ለካ ሳይክላመን ወደ ላይ ለመውጣት አይቸኩልም፤ መጀመሪያ አፈር ውስጥ ያቺን እንደ ድንች ያለች ክብ ነገር ይሠራል፣ ቅጠል ከዚያ በኋላ ነው፣ እሱም አንዲት ብቻ። እኔ ስድስት ሳምንት ሙሉ ላይ ላዩን ሳይ ሥራው ታች እየተሠራ ነበር። ምናለ አንዱን ጥግ እንኳ በእርሳስ ጫር አድርጌ ባየሁ!

ከሰዓቱን ሙሉ ሁለታችንም በማንኪያና በወረንጦ ስንለቅም ዋልን። ወደ 200 አተረፍን። ስንቱ እንደጠፋ እኔም አልጠየቅኩ፣ እሳቸውም አልነገሩኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፤ ሻይ አፈሉልኝ። የተረፉትም አበባ እስኪያሳዩ ገና ሁለት ሦስት ዓመት ይቀራቸዋል።

ከዚያ ወዲህ ሴትዮዋ የሳይክላመን ትሪ መለያ ላይ ከቀኑ ሥር የእኔን ስም ይጽፋሉ፣ አጠገቡም የተገለበጠ ትሪ ይስላሉ።