«ችግር የለም» ያልኩበት ምሽት

ሲያትል ውስጥ በአስተርጓሚነት እሠራለሁ። ሆስፒታልም፣ ፍርድ ቤትም፣ የወላጆች ስብሰባም የተጠራሁበት ሁሉ እሄዳለሁ። የሥራው ሕግ አጭር ነው፦ ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ የተባለውን አድርሺ። ስልጠና ላይ ስሰማው ቀላል መስሎኝ ነበር። አንድ ምሽት ግን ሁለት ቃል ጨመርኩ። ማናችንም በቀን ሃያ ጊዜ የምንላቸው ቃላት ናቸው። ችግር የለም።

ጊዜው የፈረንጆቹ ጥር ነበር። በከተማው ደቡብ በኩል አንድ አዳራሽ ውስጥ ስለ ትምህርት ቤት ምዝገባ ለወላጆች ማብራሪያ ይሰጣል። ሶማሊኛ አንድ ጠረጴዛ፣ ቬትናምኛ አንድ ጠረጴዛ፣ ትግርኛ አንድ ጠረጴዛ። የአማርኛው የኔ ነው። ከኔ ጋር ከተቀመጡት ወላጆች አንዷ የሥራ ጃኬታቸውን እንደለበሱ የመጡ እናት ነበሩ። የኤርፖርት መታወቂያቸው አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ሌሊት ያጸዳሉ፤ ከስብሰባው ቀጥታ ወደ ሥራ ነው የሚሄዱት። ልጃቸው ስምንተኛ ክፍል ናት።

ከቦርሳቸው አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ጥሩ የሳይንስ ፕሮግራም ስላለው አንድ ሃይስኩል የሚናገር ወረቀት ነው። ልጅቷ የትምህርት ቤቱን ስም በእርሳስ ከባዋለች። አንዴ ብቻ አይደለም፣ ወረቀቱ እስኪሳሳ ደጋግማ ነው የከበበችው። «ይሄን ጠይቂልኝ ብላ ነው የላከችኝ» አሉኝ።

አቅራቢዋ መናገር ጀመረች። «ምንም ፎርም ባትሞሉ ልጃችሁ ለአድራሻችሁ በተመደበው ትምህርት ቤት ቦታ ይኖረዋል። ሌላ ትምህርት ቤት የምትፈልጉ ግን ፎርሙን ከመዝጊያው ቀን በፊት ማስገባት አለባችሁ። ዘግይቶ የመጣ ከተጠባባቂዎቹ መጨረሻ ይሰለፋል።»

የእናትየውን ፊት አየሁ። ደክሟቸዋል። ፎርም የሚባል ነገር ሲሰሙ ግንባራቸው ይቋጠራል። ላረጋጋቸው ፈለግሁ። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እንዲህ አድርጌ ተረጎምኩት፦ «ፎርም ባይሞሉም ችግር የለም፤ ልጅዎ ቦታ አላት።»

«ተመስገን!» አሉና የጃኬታቸውን ዚፕ ወደ ላይ ሳቡ። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ስናገር ቆመው ሰዓታቸውን እያዩ ነበር። ሦስተኛውን የሰሙኝ አይመስለኝም። እጄን አውጥቼ «አንዴ ይቁም፣ እኚህ እናት አልሰሙም» ማለት እችል ነበር። ሥራዬም እሱ ነበር። አላልኩም።

ሰኔ ላይ ለአንድ የምዝገባ ቀጠሮ ተጠራሁ። በሩን ስከፍት እሳቸው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ልጅቷ። ትልቅ ቦርሳ ታቅፋለች፣ አንገቷን ደፍታለች። ጓደኞቿ ፎርም ሞልተው የፈለጉት ትምህርት ቤት ገብተዋል። እሷ የሰፈሯ ትምህርት ቤት ተመድባለች። እናትየው ፊታቸውን ወደኔ መለሱ።

«አንቺ ነሽ አይደል፣ ያን ዕለት ችግር የለም ያልሽኝ?»

በሥራችን ደንበኛው የተናገረው ሁሉ ይተረጎማል። አስተርጓሚውን የሚመለከትም ቢሆን። ስለዚህ ያንን ጥያቄ ለምዝገባ ሠራተኛዋ በእንግሊዝኛ ነገርኳት። ሠራተኛዋ የተጠየቅሁት እኔ ልሁን እሷ ግራ ገባት። ያኔ «አስተርጓሚዋ ነኝ የምናገረው፤ ጥያቄው ለኔ ነው። አዎ፣ ብያቸዋለሁ። ከተባለው ላይ ጨምሬ ነው ያልኩት» አልኩ። ከዚያ ያንኑ ለእናትየው በአማርኛ ደገምኩት። ይቅርታም ጠየቅኳቸው። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «አይ ልጄ፣ እኔም መጠየቅ ነበረብኝ» አሉ። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ መልሳ አንገቷን ደፋች።

ስሟ ተጠባባቂዎቹ ውስጥ ገባ። ተራው አልደረሳትም።

የዚያኑ ዕለት ማታ ለሚያሠራኝ ድርጅት ስህተቴን ጽፌ ላክሁ። በማግስቱ ደግሞ አብራኝ ለምትሠራ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት አወራኋት። ተወልዳ ያደገችው ሴንትራል ዲስትሪክት ነው። ዛሬ የኛ ሰው ቸሪ ስትሪት ላይ እንጀራ የሚገዛበት ሰፈር። አዳምጣኝ ስታበቃ «ያ ፎርም እኮ ታሪክ አለው» አለችኝ። እኔ እዚህ አገር ዓመታት ኖሬ፣ ያንን ፎርም ስንት ጊዜ ተርጉሜ፣ ታሪኩን አልጠየቅሁም ነበር። ያወቅሁትን ልጻፈው፣ ልጅ ያላችሁ ታነቡታላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው።

ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ እንደ አሜሪካ ደቡብ ስቴቶች «ጥቁር ከነጭ ጋር አይማርም» የሚል ሕግ አልነበረም። በሲያትል ብዙ ሰፈሮች የቤት ውል ላይ ግን ከነጭ ሌላ ሰው እንዳይገዛና እንዳይኖር የሚከለክል አንቀጽ ይጻፍ ነበር። ባንኮችም ጥቁሮች ላሉበት ሰፈር ብድር ይነፍጉ ነበር። በ1964 ቤት ሲሸጥና ሲከራይ በዘር መከልከል ይቁም የሚል ሐሳብ ለከተማው ሕዝብ ቀርቦ በሰፊ ልዩነት ወደቀ። የከተማው ምክር ቤት ሕጉን ያወጣው በ1968 ነው። ልጅ የሚማረው በሰፈሩ ነው። ሰፈሩ በዘር ሲከፈል ትምህርት ቤቱም አብሮ ተከፈለ።

ወላጆች ዝም አላሉም። በ1966 ለሁለት ቀን ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት አስቀሩ። ሦስት ሺህ ያህል ልጆች በየቤተ ክርስቲያኑና በየአዳራሹ በተከፈቱ «የነጻነት ትምህርት ቤቶች» ዋሉ። በ1978 ደግሞ ሲያትል ፍርድ ቤት ሳያስገድዳት፣ በራሷ ውሳኔ፣ ልጆችን በአውቶቡስ ከሰፈር ወደ ሰፈር እያመላለሰች ማደባለቅ ጀመረች። የዚያኑ ዓመት የስቴቱ መራጮች ይህን የሚያግድ ሕግ አጸደቁ። በ1982 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ5 ለ4 ድምፅ እገዳውን ሻረው፣ አውቶቡሱም ቀጠለ።

ባልደረባዬ ከነዚያ ልጆች አንዷ ናት። ሦስተኛ ክፍል ነበረች። «ሳይነጋ ነበር የምነሳው። ድልድዩን ስንሻገር አውቶቡሱ ውስጥ ሁላችንም ተኝተናል» አለችኝ። እናቷ ቁርሷን በፎይል ጠቅልላ ትሰጣት ነበር፤ የፎይሉን ሙቀት እስከ ዛሬ ታስታውሳለች። እዚያ ያገኘቻት ጓደኛዋ እስከ ዛሬ ጓደኛዋ ናት። ያን ሁሉ መንገድ ግን ልጇን አታስኬድም። ሁለቱንም እኩል አምና ነው የነገረችኝ። ከሁለቱ አንዱን የምትመርጥም አልመሰለኝም።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ግዴታው ቀረ፣ ምርጫ መጣ። የሃይስኩል ተማሪ የሚፈልጋቸውን ትምህርት ቤቶች በቅደም ተከተል ይጽፋል። አመልካች ከቦታ ሲበልጥ መጀመሪያ ወንድም ወይም እህት እዚያ ያለው ይቀድማል። ቀጥሎ ዘር ይታያል። ከከተማው ተማሪዎች ከመቶ 41 ያህሉ ነጭ ነበሩ። ከዚህ ርቆ ነጭ የበዛበት ትምህርት ቤት ነጭ ያልሆነውን ያስቀድማል፤ ለምሳሌ ሰሜን ያለው ባላርድ። ነጭ ያነሰበት ደግሞ ነጩን ያስቀድማል፤ ለምሳሌ ደቡብ ያለው ፍራንክሊን። ከዚያ በኋላ ነው ርቀት የሚለካው። መደቡ ሁለት ብቻ ነበር፦ ነጭና ነጭ ያልሆነ። የቬትናም ልጅም፣ የጥቁር አሜሪካዊም፣ የሐበሻም አንድ ላይ ይቆጠር ነበር።

በዚህ አሠራር ልጆቻቸው ቦታ ያጡ ወላጆች ከሰሱ። መዝገቡ ላይ ከተጠቀሱት ልጆች አንዱ የፈለገው ባላርድ ያለውን የባዮቴክኖሎጂ ፕሮግራም ነበር። ይህን ሳነብ ቆምኩ። የሳይንስ ፕሮግራም የፈለገ ልጅ፣ ቦታ የከለከሉት ልጅ። በእርሳስ የተከበበው ወረቀት ትዝ አለኝ። የዚያ ልጅ እናት ብስጭት ይገባኛል፤ ከልቤ ነው የምለው።

ሰኔ 28 ቀን 2007 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ለወላጆቹ ፈረደ። ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ አንድን ልጅ በዘሩ እየለዩ መመደብ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አሉ። አምስተኛውን ድምፅ የሰጡት አንቶኒ ኬኔዲ ግን በር ትተዋል። የትምህርት ቤት ወሰን ሲሰመር ወይም አዲስ ትምህርት ቤት የት ይሠራ ሲባል የተማሪዎች መደባለቅ ሊታሰብበት ይችላል ብለው ጻፉ። ከተማው ከ2010 ጀምሮ ወደ ሰፈር ምደባ ተመለሰ። ከሰፈር ውጪ የፈለገ በፎርም ይጠይቃል።

ፎርሙ ዘር አይቆጥርም። ጊዜ ያለውን፣ ቋንቋ የሚችለውን፣ መኪና ያለውን ግን ያስቀድማል። እኔ እንደማየው የድሮው የቤት ውል ያሰመረው መስመር ዛሬም ካርታው ላይ አለ። መስመሩን መሻገሪያ የቀረው ያ ፎርም ነው፣ ያ ፎርም ደግሞ የመዝጊያ ቀን አለው። ያን ምሽት የሳትኩት የቀኑን ክብደት ነው። አንድ ነገር ግን መናገር አለብኝ፦ የልጅቷ የሰፈር ትምህርት ቤት መጥፎ አይደለም። እዚያ ገብቼ ብዙ ጊዜ ተርጉሜያለሁ። ከሰዓት በኋላ ቀርተው ልጆች የሚያስጠኑ መምህራን አይቻለሁ። ልጅቷ ግን መርጣ ነበር። ምርጫዋን ያስቀረሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ አሠራሬን ለወጥኩ። ከስብሰባ በፊት ቀደም ብዬ እደርስና አቅራቢውን የመዝጊያውን ቀን እጠይቃለሁ፤ ለወላጆቹ በትልቁ ጽፎ እንዲያሳይልኝም እለምነዋለሁ። በማስታወሻ ደብተሬ መጀመሪያ ገጽ ላይ ስተረጉም የማልጨምራቸው ቃላት ዝርዝር አለ። «ችግር የለም» አንደኛ ነው። «አይዞዎት» አለበት፣ «ቀላል ነው» አለበት። ከሥራ ውጪ የምላቸው ደግ ቃላት ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ስቀመጥ ግን የኔ አይደሉም። ሰው ለመውጣት ሲነሳ እጄን አወጣለሁ። አቅራቢዎች መጀመሪያ ይገረሙ ነበር፣ አሁን ለምደውኛል።

በሁለተኛው ዓመት ጥር ላይ እናትየው ተመልሰው መጡ። አሁን ስድስተኛ ክፍል ለሚገባው ልጃቸው ነው። ከሁሉም ቀድመው ደርሰዋል። ፎርሙን ልጅቷ ሞልታላቸው በፕላስቲክ ውስጥ ይዘውታል። ሲያዩኝ ፊታቸው ይጠቁራል ብዬ ፈርቼ ነበር። ወንበር ሳቡና አጠገቤ ተቀመጡ።

«አሁን የምልሽን እንዳለ ንገሪልኝ» አሉ። «ይሄን ከሰፈራችን ውጪ ያለውን ብመርጥ፣ አውቶቡስ ይመጣለታል ወይ?»

ለምዝገባ ሠራተኛዋ እንዳለ ነገርኳት። ሠራተኛዋ አድራሻውን ኮምፒውተሯ ላይ አየች። አይመጣም፣ ቤተሰብ ነው የሚያደርሰው አለች።

«አይመጣም። ቤተሰብ ነው የሚያደርሰው» አልኩ። ሌላ ቃል ሊወጣኝ ሲል ዋጥ አደረግሁት።

ዝም አሉ። ከዚያ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ከሥራ የሚወጡበት ሰዓት። ሰባት ቁጥር አውቶቡስ። ቤት። ልጁን መቀስቀስ። እንደገና አውቶቡስ። አራተኛው ጣት ላይ ሲደርሱ ወደ መጀመሪያው ተመለሱና እንደገና ቆጠሩ። ሠራተኛዋም እኔም ጠበቅን።

«እስክሪብቶ አለሽ?» አሉኝ።