ሦስተኛዋ አረንጓዴ መብራት

ስሙ የተመሰገነ ይሁን። ይህን ምስክርነት ለመጻፍ ደጋግሜ ጀምሬ ትቼዋለሁ፤ ያቺ ምሽት ትዝ ባለችኝ ቁጥር እንባዬ ይቀድመኛል።

በእጃችን የሠራናት ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን እግሮቿን የምትሰበስበውና የምታወርደው በሃይድሮሊክ ነው። ከክንፍ ሥር ያሉት ሁለቱ ዋና እግሮች በክብደታቸው ይወርዳሉ። ከፊት ያለው የአፍንጫው እግር ግን ወደ ኋላ የሚታጠፍ ስለሆነ፣ ሲወርድ ነፋሱን እየገፋ ወደ ፊት መምጣት አለበት። ወደ ላይ የሚይዛቸው መንጠቆ የለም፤ የሚይዛቸው የዘይት ግፊት ብቻ ነው። የዚያች ምሽት ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ነዳጃችን ለ40 ደቂቃ ይበቃል። የእግሮቹን ማዘዣ እጀታ ወደ ታች አደረግሁት። ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ ወትሮ 8 ሰከንድ ያህል ያጓራና ዝም ይላል። ዝም አላለም። 10 ሰከንድ፣ 20፣ 30። የሁለቱ ዋና እግሮች መብራት አረንጓዴ ሆነ፣ ወርደው ቆልፈዋል ማለት ነው፤ የአፍንጫው ጨለማ ነው። የግፊቱ መርፌ ከ200 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) አልፎ አልሄድ አለ። የፓምፑን ብሬከር፣ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጠውን ቁልፍ፣ ጎትቼ አጠፋሁት፤ ያ ሞተር ለአጭር ጊዜ ሥራ የተሠራ ነው፣ ዝም ብሎ ከዞረ ይቃጠላል።

ቀጥሎ አምፑሉ። የበራውን የቀኝ እግር አምፑል ነቅዬ በአፍንጫው ቦታ ሰካሁት። ጨለማ። እንግዲያው የጠፋው መብራቱ አይደለም፣ እግሩ አልቆለፈም። ባለቤቴ አጠገቤ ናት፤ ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ፣ ረዳቴ ከወዴት ይምጣ?

ለአደጋ ጊዜ የተዘጋጀውን፣ የድንገተኛውን ቫልቭ ሩብ ዙር አዞርኩት። ይህ ቫልቭ ሲከፈት የማንሻና የማውረጃ መስመሮቹ ይገናኛሉ፣ ዘይቱ ሳይታገድ ያልፋል፣ የአፍንጫውን እግር የጋዝ ሞላ (በተጨመቀ ጋዝ የሚገፋ ዘንግ) ገፍቶ ያወርደዋል። ፍጥነታችን 90 ኖት ነው (ኖት የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ ነው)። አንድ ደቂቃ ጠበቅን። ሁለት ደቂቃ። ምንም የለም። በማማው ፊት ዝቅ ብለን አለፍን፤ ተቆጣጣሪው በተረጋጋ ድምፅ «የአፍንጫው እግር ወጥቷል፣ ግን ወደ ኋላ ያዘነበለ ይመስላል» አለኝ። እግዚአብሔር ይስጠው፤ ሌሎቹን አውሮፕላኖች ሁሉ አርቆ ሰማዩን ለእኛ ለቀቀልን። በዚያች ሰዓት፣ እውነቱን ልናገር፣ የጸለይኩት ጸሎት ጸሎት አይባልም። ለወራት ግፊቱ እየወረደ ፓምፑ በበረራ መሃል በራሱ እየተነሣ ሲያስቸግረኝ ሃንጋሩ ውስጥ ተንበርክኬ ጌታን ለምኜው ነበር። መጀመሪያ በ20 ደቂቃ አንዴ፣ ኋላ በ6፣ ኋላ በ2 ደቂቃ። ዘይት ጨመርኩ፣ የግፊት ስዊቹን ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። «ሰምተህ ዝም አልከኝ፣ አሁን ደግሞ እሷን ጨምረህ ልትወስድ ነው?» ብዬ በጌታ ላይ ጮኽኩበት። በልቤ አልነበረም፤ በአፌ ነው።

ያኔ አንድ ድምፅ ትዝ አለኝ። አንድ አዛውንት መካኒክ፣ ከዓመት በፊት፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «ልጄ፣ የአፍንጫ እግር ነፋስ ይፈራል፤ ፍጥነቱን ቀንስለት» ብለውኝ ነበር። ለምን ያን ሰዓት ትዝ አለኝ? እኔ መልሱን አውቃለሁ። የነፋሱ ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ልክ ነው፤ ከ90 ወደ 72 ኖት ሲወረድ ግፊቱ ከሲሶ በላይ ይቀንሳል። የሞተሩን ኃይል ቀነስኩ፣ አፍንጫዋን በቀስታ አነሣሁ። 85። 80። 75። ክንፏ ማንሳት ከሚያቆምበት ፍጥነት ብዙም አልራቅንም። 72 ላይ ከእግሬ ሥር «ጠቅ» የሚል ነገር ተሰማኝ። ባለቤቴ ጮኸች። ሦስተኛዋ መብራት አረንጓዴ ሆናለች።

ቫልቩን እንደተከፈተ ትቼ፣ የአፍንጫውን ጎማ እስከ መጨረሻው ከአስፋልቱ አርቄ ይዤ አረፍን። የማያንቀላፋው ጌታ ይመስገን።

11 ሳምንት አውሮፕላኗ በክሪክ ላይ ቆየች።

ጌታ ፍርሃቱን ካነሣልኝ በኋላ ነገሩን በእርጋታ ማየት ቻልኩ፤ ተመሳሳይ ችግር ያለበት ወንድም እንዲጠቀምበት በዝርዝር ልጻፈው። እግሮቹን አንስተን ብሬከሩን ነቀልን፤ ግፊቱ ከ1000 ወደ 600 ለመውረድ 4 ደቂቃ ብቻ ወሰደ። በመገጣጠሚያዎቹ ሁሉ ነጭ ወረቀት ጠቀለልን፤ ዘይቱ ቀይ ነው፣ አንዱም ወረቀት ግን ቀይ አልሆነም። ውጭ የማይፈስ ከሆነ የሚያመልጠው ውስጥ ለውስጥ ነው። ከዚያ እነዚያው አዛውንት እንዳሳዩኝ፣ እግሩ በግፊት ተይዞ ሳለ፣ በገመድም ታስሮ (ይህን እንዳትረሱ፣ ግፊቱ ቢያመልጥ እግሩ ሰው ላይ ይወድቃል)፣ የእያንዳንዱን ሲሊንደር የማውረጃ ቱቦ በየተራ ፈታን። ግፊት የሌለበት ወገን ነው፤ የማንሻውን ቱቦ ግን በግፊት ላይ እያለ አትንኩት። በቱቦው ውስጥ የቀረው ዘይት እስኪያልቅ ጠብቀን ማየት ጀመርን። ከሲሊንደሩ አፍ ከተንጠባጠበ የፒስተኑ ኦሪንግ (ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደው የጎማ ቀለበት) ያሳልፋል። ከቱቦው ጫፍ ከመጣ ግን፣ ሌሎቹ ሲሊንደሮች ደህና ከሆኑ፣ ጥፋቱ ቫልቩ ጋ ወይም ፓምፑ ጋ ነው። የእኛ የፓምፕ ሳጥን ከሲሊንደሮቹ ዝቅ ብሎ ስለተቀመጠ ዘይት በራሱ ወርዶ አያሳስትም።

የአፍንጫው ላይ ስንደርስ ከሁለቱም ተንጠባጠበ! እኔ አንድ ጥፋት ስፈልግ ሁለት ሆነው እርስ በርስ ሲደባበቁ ኖረዋል።

ሲሊንደሩን ስንፈታ ኦሪንጓ ጠርዟ ላይ ተልጣ አገኘናት። የድንገተኛውን ቫልቭ ስንከፍት ደግሞ መቀመጫው ላይ ጥፍር ቁራጭ የምታክል፣ እንደ ጨረቃ የተጠማዘዘች ጥቁር ጎማ ተጣብቃለች። ከኦሪንጓ ጎን አስቀመጥናት። ልክክ አለች። ቁራጯ ቫልቩን ሙሉ በሙሉ እንዳይዘጋ ስለያዘችው ፓምፑ የሚገፋው ዘይት ዞሮ ይመለስ ነበር፤ ያን ምሽት መርፌው 200 ላይ የቆመው ለዚህ ነው። የላጣትስ ምንድን ነው? ሲሊንደሩን ስሠራ የዘይት ቀዳዳውን የውስጥ ጠርዝ አልሞረድኩም። ፒስተኑን ሳስገባ ኦሪንጓ በዚያ ስለት ላይ አለፈች። በጌታ ላይ የጮኽኩበት ጥፋት የገዛ እጄ ሥራ ነበር። ይቅር በለኝ አልኩ፤ እዚያው ሲሚንቶው ላይ።

ጠርዙን ሞርደን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለሰለስን፣ አጠብን። ኦሪንጓን በኤምኤስ28775 ተከታታይ፣ ከጎኗ የሚቀመጠውን የቴፍሎን ቀለበት በኤምኤስ28774 ተካን (ሁለቱም የዕቃ ቁጥሮች ናቸው)፣ 5606 የሚባለውን ቀዩን የሃይድሮሊክ ዘይት ቀብተን በእጅ አስገባን። የመኪና ፍሬን ዘይት በፍጹም አይንካት፤ ያሳብጣታል።

አንድ ነገር ቀረ። ቫልቩ ተከፍቶ ሳለ የጋዝ ሞላው ለምን እግሩን ወዲያው አልቆለፈም? በክሪክ ላይ ስንሞክረው ሁልጊዜ ይቆልፋል፤ ነገር ግን ሃንጋር ውስጥ ነፋስ የለም! የእግሩን አክስል በሞላ ሚዛን ወደ ኋላ ስንጎትተው አሮጌው የጋዝ ሞላ በ11 ኪሎ ተሸነፈ፤ አዲሱ ተገጥሞ እስከ 20 ያዘ። ለስምንት ዓመት ማንም አልመዘነውም ነበር። አሁን በየዓመቱ ምርመራ በሚዛን እንለካዋለን፣ ቁጥሩንም በመዝገቡ እንጽፋለን።

በመጨረሻው ማታ እግሮቹን አንስተን፣ መርፌውን 1000 ላይ ትተን፣ ብሬከሩን ነቅለን ሄድን። ጠዋት ባለቤቴ ቀድማኝ ገባች። ሌሊቱ ቀዝቅዞ ነበር፤ ዘይት ሲቀዘቅዝ ደግሞ ግፊቱ ይወርዳል። «850» አለች፣ ከዚያም ከሃንጋሩ ውስጥ መዝሙሯን ሰማሁ።